ያላዩት አገር አይናፍቅም፦ ስለ ልጆቻችን የድንኳን አዳርና ስለ ፓርክ ጠባቂነት



በዚህ ዓመት ካደረግናቸው የወላጆች ስብሰባዎች በአንዱ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና፣ «እኔ ከአገሬ ወጥቼ ናይሮቢ ላይ ሌት ተቀን የምለፋው ልጄ ዘበኛ እንድትሆን ነው ወይ?» ብለው ጠየቁን። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው በጥር ወር ከእኛ ጋር ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ሄዳ ሁለት ሌሊት በድንኳን ካደረች በኋላ፣ «ሳድግ የፓርክ ሬንጀር ነው የምሆነው» እያለች ቤተሰቡን አስጨንቃለች። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ከአንድ ቤት አልፎ የወላጅ ኮሚቴው አጀንዳ ሆኗል። የድንኳን አዳሩ ይቅር፣ ገንዘቡና ጊዜው ለፈተና ማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ውሳኔ የሚሰጠው በመጪው መስከረም ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ለእኚህ አባት የሰጠነው መልስ አጥጋቢ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ የዓመት መጽሔት ለርእሰ መምህር የሚሰጠውን ገጽ ዘንድሮ ለመልሱ ልናውለው ፈለግን።

በመጀመሪያ ስለ ሳቁ አንድ ነገር እንበል። አዳራሹ ሲስቅ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ወንበር ሲያመቻቹ ቆይተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ጠዋት ለልጆቻችሁ በር የሚከፍቱት፣ ማታ የትኛው ልጅ ከማን ጋር መሄድ እንዳለበት ከእኛ ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በክፍል ውስጥ «ሥራ ክቡር ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቅለን በአዳራሽ በሥራ ስም ከሳቅን፣ ልጆቻችን የሚይዙት የተሰቀለውን ጽሑፍ ሳይሆን ሳቃችንን ነው። ስለዚህ መልሳችን «ሬንጀር ዘበኛ አይደለም፣ አትስጉ» የሚል አይደለም። ሬንጀር ጠባቂ ነው፤ ጥበቃውም የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ጥያቄው የሚጠብቀው ምን እንደሆነና ለዚያም ምን ያህል እውቀት እንደሚያስፈልገው ነው።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል 28 ተማሪዎችን ይዘን፣ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሄልስ ጌት ተጓዝን። ስሙ በአማርኛ «የገሃነም በር» ማለት ስለሆነ የፈቃድ ቅጹን ሲፈርሙ ያማተቡ እናቶች እንደነበሩ ሰምተናል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ሲሆን 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጎብኚ ከመኪና ወርዶ በእግርና በብስክሌት እንዲዘዋወር ከሚፈቀድባቸው ጥቂት የኬንያ ፓርኮች አንዱ ነው፤ እኛም የመረጥነው ለዚህ ነው። በመኪና መስኮት የታየ ቀጭኔ ከቴሌቪዥን ቀጭኔ ብዙም አይለይም። በእግር ሲሄዱ ግን ሽታው፣ አቧራው፣ የራስ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

አብዛኞቹ ልጆቻችን ያደጉት በፎቅ ቤት ነው። ካስማ መሬት ውስጥ መምታት፣ ገመድ መወጠር፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ የድንኳኑን በር ማዞር አዲስ ነገር ሆነባቸው። ከምሳ በኋላ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከመሐላችን ገብቶ፣ አንዲት እናት ለሁላችን ጋግረው የላኩትን ድፎ ዳቦ አንስቶ ገደሉ ላይ ወጣ። ልጆቹ መጀመሪያ ጮኹ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ በመጨረሻም ዝም ብለው ሲበላ ተመለከቱት። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ምግቡን መኪና ውስጥ ቆልፉ ተብለን ሳንቆልፍ ቀርተናል። በማግስቱ ምግብ የሚቆልፉትን ልጆች የመረጥናቸው እኛ ሳንሆን እነሱ ራሳቸው ተመካክረው ነው።

ሌሊቱ ሌላ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሩቅ የጅብ ድምፅ ተሰማ። በእኛ ዘንድ ጅብ ማለት የሕፃን ማስፈራሪያ፣ የተረት ሁሉ ሞኝና ሆዳም መሆኑን ታውቃላችሁ። ልጆቹ ተሰባሰቡ። ከእኛ ጋር የነበረው የፓርኩ ሬንጀር የእጅ ባትሪውን አጠፋና በኪስዋሂሊ ቀስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። የእኛ የመምህራኑ ኪስዋሂሊ ከገበያ ስለማያልፍ ልጆቹ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያስረዱን ነበር። ያ ጩኸት መጠራሪያ ነው አለን። እያንዳንዱ ጅብ የራሱ ድምፅ አለው፤ ዘመዶቹም ማን እንደጠራ ከሩቅ ይለያሉ። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት። ጅብ የሞተ ብቻ የሚበላ የሚመስለን ተሳስተናል፤ አብዛኛውን ምግቡን አድኖ የሚያገኝ ጎበዝ አዳኝ ነው። ልጆቹ ሬንጀሩን «አፋንዴ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ እዚህ አገር የደንብ ልብስ ለለበሰ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ፍርሃታቸው ወደ ጥያቄ ሲለወጥ በጆሯችን ሰማን። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራችን ስለ አንድ እንስሳ እንዲህ ያለ የጥያቄ ጎርፍ ያመጣ የመማሪያ መጽሐፍ አላጋጠመንም።

በማግስቱ ጠዋት አፋንዴ አቧራማው መንገድ ላይ ተንበርክኮ ኮቴ ማንበብ አስተማራቸው። የሜዳ አህያ ኮቴ አንድ ወጥና ክብ ነው፤ የጎሽ ግን ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ በዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፤ ጅብ ግን ጥፍሩን መሰብሰብ ስለማይችል ምልክቱ ይቀራል። የዚያ አባት ልጅ በክፍል ውስጥ ስሟን ካልጠራናት የማትናገር ተማሪ ናት። እዚያ ግን ከአፋንዴ ጎን አልጠፋችም። «ይሄ ዱካ የዛሬ ነው የትናንት?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ሌሊት ጤዛ የነካው አቧራ እንዴት እንደሚረጋ፣ የትናንቱን ዱካ ትንንሽ ነፍሳት እንዴት አቋርጠውት እንደሚያልፉ አሳያት። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ሣለችው። ከጉዞው ከተመለስን በኋላ ያንን ደብተር አይተነዋል። በውስጡ ዐሥራ አንድ ዱካ ተሥሏል፤ እያንዳንዱ ሥር ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ተጽፏል። እንድትለካ ማንም አላዘዛትም።

እውነቱን ለመናገር 28ቱም እንዲህ አልሆኑም። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት እያለቀሰ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ጠየቀ፤ መምህሩ አጠገቡ ተኝቶ አደረ። ሁለት ልጆች ደግሞ ከእንግዲህ ድንኳን የሚባል ነገር ማየት እንደማይፈልጉ በግልጽ ነግረውናል። ይህም እውቀት ነው፤ ራስን ማወቅ ነውና። አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ በሳምንቱም ረሱት። እንዲህ ያለው ጉዞ ልጆችን ሁሉ ሬንጀር አያደርግም፤ እንዲያደርግም አንፈልግም። ነገር ግን ከ28ቱ መካከል ያች አንዷ በደብተሯ የሣለችውን ነገር በሌላ በምን መንገድ ልታገኘው ትችል ነበር? አባቶቻችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ልጅ ሐኪም መሆን የሚመኘው ሐኪም ስላየ ነው፤ ፓይለት መሆን የሚመኘውም አውሮፕላን ስላየ ነው። ዱርን ያላየ ልጅ የዱር ሥራን ሊመኝ አይችልም፤ ያልተመኘውንም አይመርጥም።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ኬንያ ምስክር አለን። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረቱ፣ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን በመቀበል የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት የሆኑ ሴት ናቸው። ሽልማቱን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ላይ ያነሡት አንድ የልጅነት ትዝታ አለ። ለእናታቸው ውኃ ለመቅዳት ቤታቸው አጠገብ ወዳለው ጅረት ሲወርዱ፣ የእንቁራሪት እንቁላል ዶቃ እየመሰላቸው በጣታቸው ሊያነሡት ይሞክሩ ነበር፤ በነኩት ቁጥር ግን ይበጠስባቸዋል። ያ ጅረት በኋላ ዘመን ሲደርቅ የጎደለውን ነገር ያወቁት ሙሉ ሆኖ ሳለ ስላዩት ነው። ዛሬ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሮጡበት የካሩራ ደን በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግንባታ ሊከፋፈል ሲል፣ ድብደባ እስኪደርስባቸው ድረስ ከተከላከሉለት ሰዎች ግንባር ቀደሟ እሳቸው ነበሩ።

በሙያችንም በኩል የሚደግፈን ጥናት አለ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 90 የሆኑ ከ2,000 በላይ የከተማ ነዋሪዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። 11 ዓመት ሳይሞላቸው በድንኳን ያደሩ፣ ጫካ ውስጥ የተጫወቱ፣ በእግር የተጓዙ ሰዎች ካደጉ በኋላ ለተፈጥሮ ያላቸው አሳቢነት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ሰዎች በሚያስታውሱት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ «ድንኳን ውስጥ ያደረ ሁሉ ተፈጥሮን ይወዳል» ብለን አንደመድምም። ግን የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ያሉት በዚሁ ዕድሜ ላይ ነውና ልንንቀው አይገባም።

እንግዲህ ሬንጀር ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን የምናስበው ጠመንጃ ይዞ በር ላይ የሚቆምን ሰው ነው። ጠመንጃው አለ፤ አደጋውም አለ። በኮንጎ ቪሩንጋ ፓርክ ብቻ ባለፉት ዓመታት ከ200 በላይ ሬንጀሮች በሥራ ላይ ሳሉ ሞተዋል፤ ይህን ከወላጅ አንደብቅም። ነገር ግን የሬንጀር አብዛኛው ቀን የሚያልፈው በእግር ቅኝት ነው። ያየውን እንስሳ፣ ዱካና ወጥመድ ቦታውን በጂፒኤስ ለይቶ ይመዘግባል፤ መረጃው ኮምፒውተር ላይ ተጠናቅሮ የነገው ቅኝት የት መሆን እንዳለበት ይወሰንበታል። ከቁጥቋጦ ሥር የተጠመደ ሽቦ ይፈታል። አንበሳ ከብት በበላ ጊዜ ከተቆጣ ገበሬ ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል። እሳት ያጠፋል፣ የጠፋ ጎብኚ ይፈልጋል፣ የተጎዳ ይረዳል፣ የእኛን ልጆች ያስተምራል። ይህ ሥራ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ሕግና ቋንቋ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰው ጋር መግባባትን ይጠይቃል።

በአገራችንም ሥራው አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ፓርኮች ይህ ሠራተኛ «ስካውት» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ በ2017 ከዝርዝሩ ወጥቷል። ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በየትም ዱር አይገኝም። የባሌ ተራሮች ደግሞ በ2023 ተመዝግቧል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ነው። ከሚያሰጓቸው ነገሮች ዋነኛው የአዳኝ ጥይት አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ቀይ ቀበሮን ከሚያድኑት ሥራዎች አንዱ በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ ማስከተብ ነው። ይህ ዘበኝነት ነው ወይስ ሕክምና? ወይስ ማስተማር? ሦስቱም ይመስለናል።

ለሴት ልጅ አይሆንም ለሚሉም የምንለው አለን። እዚሁ ኬንያ በአምቦሴሊ ፓርክ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ስምንት ወጣት የማሳይ ሴቶች «ቲም ላዮነስ» የተባለ የሬንጀሮች ቡድን ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ትሠራለች ተብሎ ከማይታሰብበት ማኅበረሰብ ነው የወጡት። በመንደራቸው ያሉ እናቶች ለወንድ ሬንጀር የማይነግሩትን ለእነሱ ይነግሯቸዋል፤ በዚህም ሥራው ተጠቅሟል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት መምህር ሳለን፣ በአገር ቤት አንድ ፓርክ አቅራቢያ እናስተምር ነበር። «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «ስካውት» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። «ከፍ ያለ ነገር አስብ እንጂ» አልነው። ልጁ ተቀመጠ፤ በዚያ ዓመት ዳግመኛ እጁን ሲያወጣ አላየነውም። እሱ ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ የሚያውቀውን ያህል እኛ ከነዲፕሎማችን አናውቅም ነበር። ከፍ ያለውን ነገር ይዞት የመጣው እሱ ነበር፤ ያላየነው እኛ ነን። በዘንድሮው ስብሰባ ላይ አዳራሹ ሲስቅ ፊታችን ላይ የመጣው ያ ልጅ ነው። መልስ ያጣነውም ለዚህ ይመስለናል።

ያ አባት ከስብሰባው በኋላ ወደ ቢሯችን መጡ። ተቀምጠው ሻይ ጠጡና ቀስ ብለው ያጫወቱን ነገር ሐሳባችንን ለወጠው። ያደጉት ወሎ ቆላ ውስጥ ነው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተው፣ ቀን ወፍና ዝንጀሮ በወንጭፍ ሲያባርሩ፣ ሌሊት ከርከሮ ሲከላከሉ ነበር የሚያድሩት። «ጅብ ሲጮህ እናቴን እየተጣራሁ ነው ያደግኩት። የተሰደድኩትስ ልጄ ከዚያ ማማ እንድትወርድ አይደለም እንዴ?» አሉን። ከዚያ ወዲያ ጥያቄያቸው ንቀት አልመሰለንም። እሳቸው ሌሊቱን የሚያውቁት በብርድ፣ በረሃብና በፍርሃት ነው። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ፤ ውጭ ማደርን የምታስታውሱት በመንገድ፣ በድንበር፣ በስደት ነው። ልጅ በፈቃዱ፣ ለዚያውም ገንዘብ ተከፍሎለት ድንኳን ውስጥ ይደር ሲባል ቢገርማችሁ አይፈረድባችሁም።

ግን ልጃቸው ያየችው ሌላ ሌሊት ነው። ጠግባ፣ ለብሳ፣ ጓደኞቿና መምህሮቿ አጠገቧ ሆነው ነው ጅቡን የሰማችው። አባቷ የሸሹትን ጫካ እሷ በእውቀት እንድትመለስበት ያስቻላት የአባቷ ልፋት ነው። እኛም ይህን ነግረን አንድ ነገር ጠየቅናቸው። በሚቀጥለው ዓመት አብረውን ይምጡና ማማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ወንጭፍ እንዴት እንደሚወነጨፍ፣ ዝንጀሮ ማሳ ከመግባቱ በፊት ጠባቂውን እንዴት እንደሚሰልል ለልጆቹ ያስተምሯቸው አልን። ይህን ከመምህራኑ አንዱም አያውቅም። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እሺም እንቢም አላሉም።

ለቀሩት ጥያቄዎቻችሁም ባጭሩ እንመልስ። ስለ ደኅንነት የጠየቃችሁ ትክክል ናችሁ። ለ28 ተማሪዎች 6 አዋቂዎች ነበርን፤ የሴቶቹ ድንኳኖች በሴት መምህራን ድንኳኖች መካከል ነበሩ። ሄልስ ጌት ውስጥ ያለው ጠባብ ሸለቆ ከላይ የዘነበ ዝናብ በድንገት ሞልቶት የሰው ሕይወት የጠፋበት ስለሆነ፣ ወሩ ደረቅ ቢሆንም ልጆቹን አላወረድናቸውም። ማታ ከድንኳን ለሚወጣ ልጅ ሁሉ አዋቂ አጃቢ ነበረው። ስለ ፈተና የጠየቃችሁ፣ ጉዞው የሚደረገው በእረፍት ጊዜ ስለሆነ የክፍል ጊዜ አይነካም። ስለ ወጪው ግን ያላችሁት ልክ ነው። መክፈል ባለመቻላቸው የቀሩ ልጆች እንዳሉ ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ጉዞውን ከፈቀደ፣ ማንም ልጅ በገንዘብ ምክንያት እንዳይቀር ከትምህርት ቤቱ በጀት የምንመድብለት ይሆናል። ማደር ለማይፈልግ ልጅ ወይም ለማይፈቅድ ወላጅ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ የቀን ጉብኝት እናዘጋጃለን። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ይህ ፓርክ ከከተማችን ፎቆች ሥር ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ልጆቻችን አጥሩን እንጂ ውስጡን አላዩትም።

ለእናንተ ለተማሪዎቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። ይህን ሥራ የምትመኙ ካላችሁ መንገዱን እወቁት። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ሬንጀሮችን የሚቀጥረው ከኬንያ ዜጎች ነው፤ አብዛኞቻችሁ በዚያ በር አትገቡም። ይህን አሁን ማወቅ በኋላ ከመደንገጥ ይሻላል። ሌሎች በሮች ግን አሉ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በዱር እንስሳትና በደን ሙያ ያሠለጥናል። በታንዛኒያ ከኪሊማንጃሮ ግርጌ የሚገኘው የምዌካ የዱር እንስሳት አስተዳደር ኮሌጅ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን ሲያስተምር ኖሯል። የእንስሳት ሐኪም፣ ተመራማሪ፣ አስጎብኚ፣ የካርታ ባለሙያ ሆናችሁም እዚያው ዱር ውስጥ ልትሠሩ ትችላላችሁ። አማርኛ፣ ኪስዋሂሊና እንግሊዝኛ የምትናገሩ ልጆች ናችሁ፤ ይህ ለዚህ ሙያ ትልቅ ስንቅ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ዱካን በሴንቲ ሜትር የለካች ልጅ ሒሳብን አልሸሸችም።

ለእናንተ ለወላጆች ያለን ልመና ትንሽ ነው። ልጃችሁ ከጉዞ ተመልሶ ያላሰባችሁትን የሥራ ስም ሲጠራ፣ ከመሳቃችሁ ወይም ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት በሚቀጥለው ወር ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል፤ ልጅ ነውና። ምናልባትም አይለውጥም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር የሰማው ሳቅ ወይም የሰማው ጥያቄ አብሮት ያድጋል። እኛ አንድ ጊዜ ስቀናል፤ ልንመልሰው አልቻልንም።

ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብም ይኸው ነው፦ የድንኳን አዳሩ አይቅር፤ ይልቅ በተሻለ ጥንቃቄና በእኩልነት ይቀጥል። መስከረም ላይ ስንገናኝ የምትሰጡትን ውሳኔ እናከብራለን። ያች ተማሪ ግን ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ወደ ቢሯችን መጥታ፣ በእረፍቱ ወራት የምትሞላው አዲስ ደብተር እንዳለን ጠይቃን ነበር። ሰጥተናታል።

መልካም የእረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።